የእናቴ ሲስተር

በሰፈራችን ስሜን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። የቀረው ሁሉ «ሲስተር» ብሎ ነው የሚጠራኝ። ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመት አልፎኛል፤ ግን ዛሬም ልጁ ያተኮሰው፣ ግፊት የጨመረበት፣ መርፌ ታዞለት ወጊ ያጣ ሁሉ የእኛን በር ያንኳኳል። እኔም አልጠላውም፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኛል። 34 ዓመት የለበስኩት ጋውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቢሰቀልም ስሙ እኔ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ የ83 ዓመት እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ሲሰበር «ከሆስፒታል ስትወጣ ማን ያስታምማታል?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሲስተር እያለች?

የወደቀችው ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ስትሄድ ነው። ሽንት ቤታችን ከዋናው ቤት ወጣ ብሎ በጓሮ በኩል ነው። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ዝናቡም ሲዘንብ አምሽቶ ሲሚንቶው ሙልጭልጭ ብሏል። ጩኸቷን ሰምቼ ስደርስ ቀኝ እግሯ አጥሮ፣ የእግሯ ጣቶች ወደ ውጭ ዞረዋል። ራጅ ሳትነሳ አወቅኩት። በሦስተኛው ቀን ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ የተሰበረውን የጭን አጥንት ራስ አውጥተው በብረት ተኩለት። ነሐሴ 1፣ ፍልሰታ በሚገባበት ቀን፣ ወደ ቤት ይዘናት መጣን።

ስንወጣ የሆነውን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በኋላ ነው የገባኝ። ወጣቱ ሐኪም የመውጫውን ወረቀት ኮሪደር ላይ ሰጠኝና ሊያስረዳኝ ሲጀምር የምታውቀኝ አንዲት ነርስ «እሳቸው እኮ ሲስተር ናቸው» አለችው። እሱም ፈገግ ብሎ «እንግዲያውስ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል» አለኝና ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ። እኔም ኮራሁ። አጠገቤ የነበረ አንድ ገበሬ አባቱን ሊያወጣ መጥቶ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንድ በአንድ ሲነገረው ነበር። እኔ ግን አንድ ጥያቄ እንኳ ሳልጠይቅ ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ ነው። የዚያኑ ዕለት ማታ ደወለ። «እትዬ፣ ቤት ድረስ እየመጡ የሚያስታምሙ ባለሙያዎች አሉ አሉ። ገንዘቡን እኔ እችላለሁ፣ ሰው እንቅጠርላት» አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ልዘጋበት ምንም አልቀረኝም። «እኔ ሞቻለሁ እንዴ? እናቴን ለባዕድ?» አልኩት። እሱም ዝም አለ። ሰፈሩ የሚለው ደግሞ ከአሁኑ ይሰማኝ ነበር፤ «ነርስ ልጅ እያለቻት በተቀጣሪ ተጠበቀች!»

እንግዲህ ብቻዬን ጀመርኩ። ቤት ውስጥ ምግብ የምታበስልልን ልጅ አለች፤ ልጄ ማታ ከሥራ ስትመለስ ታግዘኛለች። ሌላው የእኔ ነው። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ሆዷ ላይ የሚወጋውን የደም ማቅጠኛ መርፌ በየቀኑ መስጠት፣ ባቷ እንዳያብጥ ማየት፣ ፖፖ ማቅረብ። በሦስተኛው ቀን ወገቤ ተያዘ። ሥልሳ አራት ዓመት ሞልቶኛል፤ ዎርድ ውስጥ በሽተኛ ያገላበጥኩት በሃያዎቹ ዕድሜዬ፣ ያውም ለሁለት እየሆንን ነበር። ሥራዬን ያሳለፍኩት ደግሞ በአብዛኛው ጤና ጣቢያ፣ ክትባትና የእናቶች ክትትል ክፍል ነው። ይህንን ግን ለራሴም አላስታወስኩትም።

ከዚያ ጠያቂ መጣ። ጠያቂ ባይመጣ ደግሞ ቅር ይለን ነበር። የዕድር ሰዎች፣ የማኅበር ሰዎች፣ ከክፍለ ሀገር የመጡ ዘመዶች፣ ከጠዋት እስከ ማታ «እግዜር ይማርዎ» እያሉ ክፍሉን ሞሉት። እናቴ ሰው ስታይ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በጀርባዋ ቀጥ ብላ ተኝታ ታስተናግዳለች። ሰው ፊት አላገላብጣት! አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ሁለቱ ሰዓት አራት፣ አራቱ አምስት ይሆናል። አልጋዋ ጫፍ ላይ የሚቀመጡም ነበሩ።

በዚህ ላይ እናቴ ገላዋን እንዳጥባት አልፈቀደችም። ፊቷን፣ እጇንና እግሯን ትሰጠኛለች። ከዚያ በላይ ስል «ተይኝ፣ ንጹሕ ነኝ» ትልና አንሶላውን ትጨብጣለች። ፖፖ እንዳላቀርብላት ብላ ውሃ መጠጣት መተዋንም ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ጀርባዋን ግን በቀሚሷ ሥር እጄን እየሰደድኩ አሻት ነበር። ነርሲንግ ትምህርት ቤት የተማርነው እንደዚያ ነዋ፤ ተኝቶ የሚውል በሽተኛ ወገቡና መቀመጫው በአልኮል ይታሻል፣ ታልክ ፓውደር ይነሰነስበታል። ጠዋትና ማታ ሳልዘል አደረግኩት። ጎረቤቶች ሽታውን እየወደዱት «እንዴት ታምራለች፣ ሕፃን ልጅ መሰለች እኮ!» ይሉኝ ነበር።

ነሐሴ 10 ቀን ጠዋት አንሶላው ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል እርጥበት አየሁ። ሽንት አልነበረም። ያን ቀን ፈቃዷን አልጠየቅኩም፤ ቀሚሷን ገለጥኩት። ከመቀመጫዋ በላይ፣ አጥንቱ ቆዳውን በሚነካበት ቦታ፣ ቆዳው ተልጦ ቁስል ወጥቷል። ዙሪያው ጠቁሮና ጠጥሮ ይሞቃል። የአልጋ ቁስል። እኔ ሲስተሯ በማስታምምበት ቤት፣ በዘጠኝ ቀን ውስጥ።

ሠላሳ አራት ዓመት በሙሉ የሰው ቤተሰብ የአልጋ ቁስል ይዞ ሲመጣ በሆዴ ምን እል እንደነበር አውቃለሁ። አንዳንዴም ከሆዴ አልፎ አፌ ላይ ይመጣ ነበር። ወጥቼ ጓሮ ሄድኩና እዚያው የወደቀችበት ሲሚንቶ አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ።

ማታ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። እሱ ሥራ ላይ ስለነበር ስልኩን ያነሳችው ሚስቱ ናት። ለእሷ ልናገር አላሰብኩም፤ ድምፄ ግን አሳበቀብኝና ሁሉንም ዘረገፍኩት። አዳምጣ ስትጨርስ እንዲህ አለችኝ፦ «እትዬ፣ የእኔ ሥራ ምን ይመስልዎታል? ሰው ሲጠይቀኝ ሆስፒታል ነው የምሠራው እላለሁ። እውነቱ የሰው እናት ነው የማጥበው። ከሆስፒታል የወጡ አሮጊቶች ቤት እየሄድኩ አጥባለሁ፣ አገላብጣለሁ፣ አለማምዳለሁ። ልጆች ስለሌሏቸው አይደለም እኮ። ልጆቻቸው መጥተው አብረው ይበላሉ፣ ያስቋቸዋል። ማጠቡ የእኔ ነው።» ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ «እኔ ሳጥባቸው የማይቆጡት፣ ሴት ልጃቸው ልርዳ ስትል ጩኸት ነው» አለችኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ስንደዋወል ምን እንደምትሠራ አጥርቼ አላውቅም ነበር። ጠይቄያትም አላውቅም።

በማግስቱ ለአንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ነገርኳት፤ እሷም ቤት ለቤት የሚሠሩ ባለሙያዎች ጋ አገናኘችኝ። የመጣችው ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት፤ ከኋላዋ ቦርሳ አዝላለች። ቤት እንደገባች እጇን ልትታጠብ ውሃ ጠየቀች። ከዚያ እኔን አልፋ ሄዳ እናቴን እጅ ነሳችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እማማ፣ እኔ ነርስ ነኝ፤ እርስዎ ከፈቀዱልኝ በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣሁ እረዳዎታለሁ። መጀመሪያ እስቲ ይንገሩኝ፣ ከሁሉም የሚያስቸግርዎ ምንድን ነው?» አለቻት። እኔ በዘጠኙ ቀን ይህን አንድ ጥያቄ አልጠየቅኳትም። እናቴ ሕመሙን ትላለች ብዬ ስጠብቅ «ቡና ማፍላት አልቻልኩም» አለች።

ሦስት ጠያቂዎች ተቀምጠው ነበር። ልጅቷ ወደ እነሱ ዞራ በፈገግታ «እማማን ላክማቸው ነው፣ ለጥቂት ጊዜ ሳሎን ብትቆዩልን» አለች። ተነሥተው ወጡ፤ ማንም ቅር አልተሰኘ። እኔ ብለው ኖሮ ዓመት ይወራ ነበር! ከዚያ ቀን ጀምሮ የጥየቃ ሰዓት ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ተኩል ሆነ፤ በሩ ላይም ጽፋ ለጠፈችው። ለካስ ባዳ መሆን ለአንዳንድ ነገር ይጠቅማል።

ቁስሉን ስታይ ፊቷ አልተለወጠም። «በምን ነበር የሚያጸዱት?» አለችኝ። ጂቪ ላደርግበት አዘጋጅቼ ነበር። አልኮሉንም፣ ፓውደሩንም፣ ማሸቱንም ነገርኳት። ቀስ ብላ ወደ ሳሎን ወሰደችኝና አስረዳችኝ። አጥንት በተጫነው ቦታ ላይ የጠቆረ ወይም የቀላ ቆዳ ፈጽሞ አይታሽም፤ ሥሩ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ቀድመው ተጎድተዋልና ማሸት ይባስ ይጎዳቸዋል። አልኮሉ ያደርቀዋል። ፓውደሩ ከላብ ጋር ተጋግሮ ይፈገፍጋል። ቁስሉ የሚታጠበው በንጹሕ ሳላይን ነው፤ ከዚያ ይሸፈናል፤ ከሁሉም በላይ ግን ክብደት ይነሳለታል። ጂቪው ደግሞ ቀለሙ ቁስሉን ስለሚሸፍነው መዳኑንም መባሱንም አያሳይም። እኔ የተማርኩት ትምህርት ከአርባ ዓመት በፊት የነበረ ነው። በመሐሉ ትምህርቱ ተለወጠ፤ እኔ ደግሞ ክትባት እየሰጠሁ ነበር።

ለእናንተም ይጠቅማልና አንድ ነገር ልጨምር። መጽሐፉ «ቅላት» ይላል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ሁልጊዜ አይታይም። ከአካባቢው የጠቆረ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቦታ ካለ፣ በእጅ ጀርባ ሲነካ ከሞቀ፣ ከጠጠረ ወይም ሰውየው ያመኛል ካለ ነገር ተጀምሯል ማለት ነው። መታየት ያለበት መቀመጫው ብቻም አይደለም፤ ተረከዝ፣ ዳሌ፣ ክርንም አለ። ልጅቷ ከባቷ ሥር ትራስ አድርጋ የእናቴን ተረከዞች ከፍራሹ አንሳፈፈቻቸው። ተረከዞቿን በየቀኑ ሳጥብ ኖሬ ይህ አልታየኝም።

ከዚያ «በቤቱ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ያምጡልኝ፣ የዱሮውንም» አለች። ሁለት ፌስታል ሞልቶ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ከመውጫው ወረቀት ጋር አንድ በአንድ አስተያየች። እናቴ ከመታመሟ በፊት ለግፊቷ ኖርቫስክ ትወስድ ነበር። ከሆስፒታል የታዘዘላት ደግሞ አምሎዲፒን ነው። ያው አንድ መድኃኒት ነው፤ አንዱ የፋብሪካው ስም፣ ሌላው የመድኃኒቱ ስም። እኔም ይህን አውቃለሁ! ብጠየቅ ከእንቅልፌ ተነሥቼ እመልሰዋለሁ። ግን የጠዋቱን ከዱሮው ሣጥን፣ የማታውን ከአዲሱ ፌስታል እየሰጠኋት ነበር። ልጅቷ ግፊቷን ተኝታ ለካች፣ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣ ደግማ ለካች፤ በጣም ወረደ። «ሳስነሳት ዞረኝ የምትለው ድክመት ነው» እያልኩ በጥሬ ሥጋና በአጥሚት ላበረታት ሳስብ የነበረው ለካ ይህ ነው። ያኔውኑ ሐኪሙ ጋ ደወልንና አንደኛው ቆመ። በዚያ ዙረት ተነሥታ ብትወድቅ ኖሮ ያ የተተከለው ብረት ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

አልቆጣችኝም። «በራስ ቤተሰብ ላይ ሲሆን ሁላችንም እንሳሳታለን፣ ሲስተር» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በሁለተኛው ጉብኝቷ ልታጥባት ገባች። በሩ ገርበብ ብሏል፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ፎጣ ይዤ ቆሜያለሁ፤ «እምቢ ስትል እገባለሁ» ብዬ። ውሃው ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል። ከዚያ እናቴ ስትስቅ ሰማሁ። ከወደቀች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው። ምን እንዳለቻት እስከ ዛሬ አላውቅም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የተሰማኝ ግን ቅናት ነው። ፎጣውን በሩ እጀታ ላይ ሰቅዬ ማድ ቤት ገባሁ።

ማታ ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኳት። «እማዬ፣ እኔን እምቢ ብለሽ እሷን እንዴት እሺ አልሽ?» አልኳት። ጣሪያውን እያየች ብዙ ቆየች። «አንቺን ያጠብኩሽ እኔ ነኝ» አለችኝ። «አሁን ተገልብጦ አንቺ እኔን? እሷ ታጥበኝና ትሄዳለች። አንቺ ግን ስታዪኝ ትኖሪያለሽ።»

ይህን ነገር ብዙ አስቤበታለሁ። ሰው ቀጥሮ ማስታመም ፍቅር ማጣት ነው ብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ የባስኩ። እናቴ የቻለችውን ያህል ስትሸሸኝ የነበረው እንድወዳት እንጂ እንዳዝንላት ስላልፈለገች እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጡ አልቀረም፤ እኔና ልጄ ተካፈልነው፤ ልጅቷ አንሶላ በእጥፍ ከሥሯ አንጥፋ ወገብ ሳይጎዳ እንዴት በአንሶላው ስቦ እንደሚዞር አሳየችን። ደብተር ከፈተች፤ የተገላበጠችበት ሰዓት፣ የጠጣችው ውሃ፣ የበላችው፣ ሆዷ የሄደበት ቀን ሁሉ ይጻፋል። ማታ ማታ ስትቀባዥርና የሞተውን አባቴን ስትጠራ ሰፈሩ «ጠበል ትሂድ» ብሎ ነበር፤ ልጅቷ ግን መጀመሪያ ሽንቷን አስመረመረች፣ ሆድ ድርቀቷን አከመች፣ መነጽሯን አደረገችላት፣ ቀን መጋረጃው ተከፍቶ እንድትውል፣ ሌሊት ትንሽ መብራት እንዲበራ አደረገች። በሳምንቱ አባቴን መጥራቷን ተወች። ምግቡ ግን አስቸገረን። ቁስል እንዲድን እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ያስፈልጋታል፤ እሷ ደግሞ ፍልሰታን ከልጅነቷ ጀምሮ ገድፋ አታውቅም። የነፍስ አባቷን ጠርተን እሳቸው «በሽተኛ አይጾምም፣ ብይ» ካሏት በኋላ እንኳ እንቁላሉን የምትበላው በሩ ተዘግቶ ነው፤ ሽታው ወደ ጎረቤት እንዳይሄድ መስኮቱም ይዘጋል።

በሳምንት ሁለት ቀን ፊዚዮቴራፒስት መጣ። ከሁሉ የከበደው ትእዛዝ ከእሱ ነው የመጣው፤ ለሦስት ወር ዝቅ ያለ መቀመጫ ላይ መቀመጥ የለም፣ እግር ማነባበር የለም፣ ጎንበስ ብሎ ከመሬት ዕቃ ማንሳት የለም። ዳሌዋ ከልክ በላይ ከታጠፈ የተተከለው ብረት ሊወልቅ ይችላል። ይህ ትእዛዝ ለሌላ ሰው ቀላል ይሆናል። በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ለሰባ ዓመት ቡና ላፈላች ሴት ግን ቤቷን እንደመንጠቅ ነው። ሽንት ቤቱንም በወንበር ፖፖ ተካነው፤ እሱን ያለ ክርክር ተቀበለች። በርጩማዋን ግን ደብቀን አልጋ ሥር ስናስቀምጠው አየችንና አኮረፈች።

ስለ ክፍያው ሳልናገር ብቀር ታማኝ አልሆንም። ለልጅቷ በሳምንት የሚከፈለው ከወር ጡረታዬ ይበልጣል፤ ወንድሜ ባይኖር አልችለውም ነበር። አቅም የሌለው ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን ባለሙያ ጠርቶ ቤተሰቡ እንዲሠለጥን ቢያደርግ ይጠቅመዋል ባይ ነኝ፤ በየወረዳው ያሉትን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም መጠየቅ አይከፋም። ሰው ስትቀጥሩ ደግሞ አትፈሩ፤ የሙያ ፈቃዷን አሳዪኝ በሉ። ነርስ ሌላ ነው፣ ተንከባካቢ ሌላ ነው፤ ቁስል የሚያክመውና የሚያጥበው አንድ ሰው ላይሆን ይችላል። እሷ በቀረች ቀን ማን እንደሚመጣ፣ ሌሊት አንድ ነገር ቢሆን ለማን እንደሚደወልም ቀድማችሁ ጠይቁ። ከሆስፒታል ስትወጡም ሲስተርም ሁኑ ዶክተር፣ ወረቀቱን ሳታስነብቡ ከኮሪደሩ አትነሱ።

ለዘመን መለወጫ ልጅቷና ፊዚዮቴራፒስቱ መክረው አንድ ነገር አደረጉ። ሳሎን ያለውን አራት ማዕዘን ጠረጴዛ አምጥተው ረከቦቱን ከላይ አስቀመጡት፤ እናቴን መደገፊያ ባለው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ትራስ ደርበው አስቀመጧት። ቆይቶ የተቆላውን አሸተተች፤ ጀበናውን እኔ ከምድጃው አምጥቼ አጠገቧ አኖርኩላት። ስትቀዳ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ግማሹ ሲኒው ሳህን ላይ ፈሰሰ። ማንም አልተነሣላትም። «ከዚህ ከፍታ ቡና ቀድቼ አላውቅም፣ እንደ ሚኒስትር» አለች። አቦሉን የመጀመሪያ ለልጅቷ ሰጠቻት፣ ሁለተኛውን ለእኔ።

ቁስሉ የደረቀው በመስቀል ሰሞን ነው። መስከረም 18 ልጅቷ የመጨረሻ ጉብኝቷን ጨርሳ ደብተሩን አስረከበችኝ። እናቴ በዎከሯ ተደግፋ እስከ በር ሸኘቻት፤ እኔ ከኋላዋ አንድ እርምጃ ርቄ ነበር። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ገና ወደ ውስጥ ሳንመለስ የአጥሩ በር ተንኳኳ። የጎረቤት ልጅ ነው፤ መርፌና የሐኪም ወረቀት በፌስታል ይዟል።

«እማማ፣ ሲስተር አሉ?» አላት።

እናቴ ዞር ብላ አየችኝና «የትኛዋ?» አለችው።